እኩል የተካፈለ ችግኝ

ባቡሩ ከጄኔቭ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ረዘም ያሉ ሽማግሌ የቆዳ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡና በመስኮቱ ጥግ ከተቀመጠች ወጣት አጠገብ አረፍ አሉ። ወጣቷ ስልክ ላይ ነበረች፤ የምታወራውም በአማርኛ ነው። ከፊቷ በተከፈተው ኮምፒውተር ላይ የአንድ ሸለቆ ካርታ ይታያል። ካርታው በትናንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቀይ ተቀብቷል።

«የታችኛውን ቁራሽ ተዪው፣ ሣራ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከላይ ያሉትን ሁለቱን ብንወስድ ይሻላል። ገበሬው እንቢ ካለ ምትክ እንፈልግለታለን።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ባቡሩ ተነሥቶ ሐይቁ በቀኝ በኩል ብቅ እስኪል ድረስ ታገሡ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ በማያገባው ገባ አትበዪኝና፣ የማንን መሬት ነው የምትሸነሽኚው?»

«አቤት?»

«ሰምቻለሁ እኮ። ገበሬን አስነሥቶ ምትክ እንፈልግልሃለን ማለት የማን ሥራ እንደሆነ አላጣውም። ደላላ ነሽ አይደል? ሲያዩሽ ደግሞ እንዴት ያለሽ ጨዋ ትመስያለሽ!»

ወጣቷ ፊቷ ፍም መሰለ። ዮሐና ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው። ዙሪክ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቷን ትከታተላለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ጄኔቭ በተደረገ ስብሰባ ላይ ጥናቷን ስታቀርብ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠግተውላት ነበር። ከማታውቀው ሰው ጋር መከራከር ለእርሷ ከፈተና ይከብዳል። ዝም ብትል ግን ደላላ ሆና መቅረቷ ነው።

«ደላላ አይደለሁም፣ አባባ። ይኼ ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ በምትባል ከተማ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ያለ ሸለቆ ነው። ድሮ ረግረግ ነበር። አሁን ሁሉም እርሻ ሆኗል፤ እንቁራሪቱም ወፉም ንቡም እየጠፋ ነው። የተወሰነው ቁራሽ ተመልሶ ረግረግና ቁጥቋጦ ይሁን ተብሏል። ገበሬው ደግሞ መኖር አለበት። የትኛው ቁራሽ ቢለቀቅ ገበሬው ብዙ ሳይጎዳ ተፈጥሮው በብዙ እንደሚጠቀም በሒሳብ እፈልጋለሁ። የኔም፣ በስልክ ያወራኋት የሣራም ሥራ ይኸው ነው።»

«በሒሳብ?»

«በሒሳብ።»

ሽማግሌው ካርታውን አዩ፣ እርሷን አዩ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ይቅር በዪኝ! እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ መሬት በእንዲህ ያለ ካርታ ከሄደ ወዲህ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ባየሁ ቁጥር ያንቀጠቅጠኛል። ከፈለ እባላለሁ። ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ ነው የምኖረው። ትራም በሚጠገንበት ዴፖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንቺስ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአቶ አስፋ። ላያውቋቸው ይችላሉ፤ ዙሪክ ነው ያሉት፤ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት አባል ናቸው።»

«ኣ፣ ጴንጤ ነሻ! ለዚህ ነው ስትሰደቢ መልሰሽ ያልተሳደብሽው።»

«እርስዎ ነዎት የተሳደቡት፣ ጋሽ ከፈለ» አለች ዮሐና፤ ካለች በኋላም በራሷ ድፍረት ደነገጠች። እርሳቸው ግን ይበልጥ ሳቁ፤ ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ልጠው ግማሹን ሰጧት።

አቶ ከፈለ ወደ ዙሪክ የሚሄዱት ለመዝናናት አልነበረም። ስዊዘርላንድ የሚኖሩ የወይራ አምባ ተወላጆች ማኅበር አላቸው፤ ሊቀመንበሩ እርሳቸው ናቸው። ወይራ አምባ በሰባት አጥቢያ የተከፈለ ተራራማ አገር ነው። ከተራራው ግርጌ «እናት ውሃ» የሚባል ምንጭ አለ። አቶ ከፈለ በልጅነታቸው በበጋም በክረምትም ሲፈስ ያውቁታል። ባለፉት ዓመታት ግን እያጠረ መጥቶ ዘንድሮ ጥምቀት እንዳለፈ ደረቀ። ታች ጊዮርጊስ በሚባለው አጥቢያ የምትኖረው እህታቸው ዝናሽ አሁን ሁለት ሰዓት ተጉዛ ወንዝ ትወርዳለች፤ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ሲደውሉላት ስለ ጤናዋ ሲጠይቋት የምትመልሰው ስለ ጀሪካኑ ነው።

«ሃያ ስምንት ሺህ ችግኝ አለን» አሉ አቶ ከፈለ። «ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ደርሷል። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ ኮሶ፤ አገር በቀል ብቻ። ዛሬ ከሰዓት ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ተሰብስበን ክፍፍሉን እንወስናለን። ነገ ደብዳቤው ካልሄደ ጉድጓዱ ከዝናቡ በፊት አይቆፈርም፤ ዓመት አለፈን ማለት ነው። ዓመት ደግሞ ለዝናሽ ረጅም ነው።»

«ክፍፍሉ እንዴት ነው?»

«እሱማ ያለቀ ነው። ሰባት አጥቢያ፣ ለእያንዳንዱ አራት ሺህ። እኩል። ማንም ማንንም አይቀየምም።»

ዮሐና ዓይኗን ወደ ካርታዋ መለሰች።

«ምነው? ተናገሪ እንጂ።»

«ከዚህ በፊትም እንደዚሁ ተክላችኋል?»

«ከአራት ዓመት በፊት። ሃያ አንድ ሺህ፤ ለየአጥቢያው ሦስት ሦስት ሺህ።»

«ስንቱ ጸደቀ?»

አቶ ከፈለ የብርቱካኑን ልጣጭ በናፕኪን ጠቀለሉ። «አልተቆጠረም። ዝናሽ እንደምትለው ከመንገዱ ዳር ጥቂት ቆሟል። የተተከለውም በብዛት መንገድ ዳር ነበር፤ ፎቶ አንሥቶ ለእኛ ለመላክ ይመቻላ። ፎቶው ቆንጆ ነበር።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ከሩቅ የሚረዳ ሰው የሥራውን ፍሬ የሚያየው በፎቶ ብቻ ነው፤ በዚያ ያለውም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ችግኙን ፎቶ በሚያምርበት ቦታ ይተክላል። ማንም ማንንም አላታለለም፤ ምንጩ ግን ደረቀ።

«ጋሽ ከፈለ፣ አይቆጡኝና» አለች ዮሐና፣ «ውሃ የአጥቢያ ድንበር አያውቅም። ዝናቡ የሚወርደው ላይ ነው፤ ምንጩ የሚፈልቀው ታች ነው። ላይኛው ተዳፋት ከተራቆተ ዝናቡ መሬት ውስጥ ሳይገባ ጠርጎ ይሄዳል። ታች አራት ሺህ ዛፍ ቢተከል ያንን ውሃ መልሶ አያመጣውም።»

«ላይኛው አጥቢያም ድርሻውን ያገኛል እኮ! አራት ሺህ ትንሽ ነው?»

«ተዳፋቱ አሥራ አምስት ሺህ የሚፈልግ ከሆነ ትንሽ ነው። ቦረቦሩ በከፊል ብቻ ከተተከለ ጎርፉ በክፍቱ በኩል ይገባና የተተከለውንም ነቅሎት ይሄዳል። ሰባት የሚያፈሱ ጣሪያዎች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቆርቆሮ ቢታደል ሁሉም እኩል ደረሰው ይባላል፤ ሲዘንብም ሁሉም እኩል ይበሰብሳል።»

አቶ ከፈለ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሎዛን አልፈው የወይን እርሻዎቹን እየጨረሱ ነው። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

«አሁን አንቺም ስሚኝ። እኩል ማካፈል ሞኝነት እንዳይመስልሽ። እኔ ልጅ ሳለሁ ወፍጮ መጣ፤ አንድ ወፍጮ። አዋቂዎች መጥተው ለክተው ለሁሉም የሚመቸው ላይ ማርያም የሚባለው አጥቢያ ነው አሉና እዚያ ተከሉት። ለክተው ነው ያልኩሽ፣ እንዳንቺው! ሰባት ዓመት ሙሉ ጨሌ ሥላሴና ላይ ማርያም ለቅሶ አልተደራረሱም። ሰው ሲሞት ጎረቤት ቆሞ ያያል። ያን ያየ ሰው ለሰባት እኩል ያካፍላል። ችግኝ ያልደረሰው አጥቢያ ደግሞ ፍየሉን አይከለክልም። ፍየል ከገባ አሥራ አምስት ሺሁም ሦስት ሺሁም ያው ነው። ይኼን ሒሳብሽ ያውቀዋል?»

በዩኒቨርሲቲ ዮሐናን ከዚህ የከበደ ጥያቄ የጠየቃት ሰው ጥቂት ነው።

«አያውቀውም» አለች። «ካልነገርነው አያውቀውም። ከነገርነው ግን ይጠብቀዋል።»

«እንዴት አድርጎ?»

ዮሐና ኮምፒውተሯን ወደ እርሳቸው አዞረች። ስለ ሥራዋ ስታወራ ዓይን አፋርነቷ የት እንደሚገባ ራሷም አታውቀውም ነበር።

«ሦስት ነገር እንነግረዋለን። አንደኛ የምንፈልገውን፦ ብዙ ዝናብ መሬት ውስጥ ይግባ፣ አፈር አይጠረግ። ሁለተኛ ያለንን፦ ሃያ ስምንት ሺህ ችግኝ፣ ከዚያ አንድም አይበልጥም። ሦስተኛ የማይጣሰውን፦ እዚህ አትትከል፣ እነዚያን ሰዎች አታስቀይም፣ ከዚህ በታች ለማንም አትስጥ። ከዚያ ሁሉንም አማራጭ እያመዛዘነ የማይጣሰውን ሳይጥስ ለምንፈልገው የሚበጀውን ይመርጣል። ሰው በዓይኑ ሊያደርገው አይችልም። ከሃምሳ ቁራሽ መሬት አሥሩን ብቻ ምረጡ ቢባል እንኳ ከአሥር ቢሊዮን በላይ አመራረጥ አለ።»

«አሥር ቢሊዮን» አሉ አቶ ከፈለ ቃሉን እያላመጡ። ትኬት ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ እርሳቸው ካርዳቸውን አሳዩ፣ ዮሐናም አሳየች። ተቆጣጣሪዋ ካለፈች በኋላ አቶ ከፈለ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«በዴፖው ላይኛው ፎቅ ላይ እንዳንቺ ያሉ ልጆች ነበሩ። የትራሙን ሰዓት የሚያወጡ። እኛ ጥገናዎቹ ‹ወረቀት በሎች› እንላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ ሰፈር አንድ ትራም ቀንሰው ለሌላ ሰፈር ሲሰጡ ሰዉ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ፤ የተቀነሰው ከኔ ሰፈር ነበራ! በኋላ ግን አየሁት። የኛው ትራም ባዶውን ነበር የሚመላለሰው፤ እዚያ ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ለሁሉም ሰፈር እኩል ትራም ቢሰጥ…»

«ከተማው ይቆማል።»

«ይቆማል። ግን ፌርማታ የሌለው ሰፈርም አልተዉም። አንድ ትራም ቢሆን ለሁሉም ይደርሳል።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ የምትዪው ይኼን ነው?»

«እኔ ካልኩት እርስዎ ያሉት ይሻላል፣ ጋሽ ከፈለ።»

እነሆ፣ ሽማግሌው ከክርክሩ ይልቅ ከራሳቸው ዕድሜ የወጣውን ምሳሌ አመኑ። የተማረ ሰው አዲስ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ አድማጩ በሥራው ከሚያውቀው ነገር ጋር ማገናኘት ካልቻለ ሐሳቡ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ዮሐናም ይህን የዚያን ዕለት ተማረች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወደ ሥራ ገቡ። ዮሐና ከሳተላይት የተወሰደውን የወይራ አምባ የከፍታ ካርታ በስልኳ ኢንተርኔት አወረደች፤ አቶ ከፈለም መነጽራቸውን አድርገው እየጠቆሙ ስም ሰጡት። «ይኼ ዝንጀሮ ገደል ነው፤ የላይ ማርያም ነው፤ ድሮ ጫካ ነበር። ይኼ የደጋ አቦ አጥቢያ ቦረቦር ነው፤ እኔ ከአገር ስወጣ ሰው ዘሎ ይሻገረው ነበር፤ አሁን ድልድይ ይፈልጋል ይላሉ። ይኼ ድንጋይ ነው፣ አይበቅልም። ይኼ ደግሞ እናት ውሃ ነው።» እዚህ ሲደርሱ ጣታቸው ትንሽ ቆየ።

ኮምፒውተሩ አራት ደቂቃ አሰበ። ካርታው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ አብዛኛው ዝንጀሮ ገደል ላይ፣ ቀሪው ደጋ አቦ ቦረቦር ላይ፣ ስድስት ሺሁ ደግሞ በመካከሉ ባለ ሰፊ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ።

አቶ ከፈለ አጨበጨቡ። «ይኸውልሽ! ኮምፒውተርሽ ከብቱን ፈጀው!»

«ምን አደረገ?»

«ይኼ ጨፌው ነዋ! የሰባቱም አጥቢያ ከብት በክረምት የሚውለው እዚህ ነው። እዚህ ዛፍ ተክለሽ በሬውን ምን ልታበዪው ነው፣ ካርታውን?»

ዮሐና ሳቋ አመለጣት፤ ከጎናቸው ጋዜጣ የሚያነበው ሰው ዞር ብሎ አያቸው። «ለዚህ ነው እርስዎ የሚያስፈልጉት» አለችና ጨፌውን «የማይነካ» ብላ ምልክት አደረገችበት።

«ሌላም አለ። ፌርማታ የሌለው አጥቢያ አይኑር።»

«ለእያንዳንዱ አጥቢያ ቢያንስ ስንት?»

«አንድ ሺህ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ ይተክሉታል፤ ያንን ፍየል አያስነኩም።»

ባቡሩ በርንን ሲለቅ መልሱ ወጣ። ላይ ማርያም አሥራ አራት ሺህ፣ ደጋ አቦ ዘጠኝ ሺህ፣ የቀሩት አምስቱ አንድ አንድ ሺህ። ዮሐና ሦስቱን ዕቅዶች ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው።

«ውሃና አፈር በማዳን የመጀመሪያውን፣ ከብቱን የፈጀውን፣ መቶ ብንለው ይኼኛው ሰማንያ ሰባት ይሆናል። አሥራ ሦስቱን ለከብቱና ለሰላሙ ተውነው። እኩል ክፍፍሉ ግን…»

«ስንት?»

«ሠላሳ አንድ።»

አቶ ከፈለ መነጽራቸውን አወለቁ። ከመስኮቱ ውጭ የተቆረጠ ሣር፣ የእንጨት ቤቶች፣ በመስመር የተተከሉ ዛፎች ያልፋሉ።

«አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «የኛን የታች ጊዮርጊስን አንድ ሺህ አንሺና ገደሉ ላይ ጨምሪው።»

«ለእርስዎ አጥቢያ ምንም አይቀርም እኮ። ፌርማታ የሌለው አይኑር ብለው ነበር።»

«ለኛ ውሃው ነው ፌርማታው። ምንጩ ያለው ከኛ ዘንድ ነው። ደግሞ ቆሜ ስናገር በእጄ ድርሻ ይዤ ከሆነ ማን ያምነኛል? እሱም ሒሳብ ነው።»

ዮሐና ቁጥሩን ለወጠች። ሰማንያ ዘጠኝ ሆነ።

«እንግዲህ ከኔ ጋር ዋሊሰለን ትመጫለሽ» አሉ አቶ ከፈለ።

«እኔ? እኔ ሰው ፊት መናገር…»

«እኔ ይኼን ማስረዳት አልችልም። ሰማንያ ዘጠኙ ከየት መጣ ቢሉኝ ከባቡር ልላቸው ነው? ዝናሽ ዓመት ሙሉ ጀሪካን ትሸከም?»

ዮሐና በዚያ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ማይክሮፎን ፊት መቆም አልፈለገችም። ግን የማታውቃት ሴት ስም በጆሮዋ ገብቶ ቀርቷል። ዙሪክ ሲደርሱ አብራቸው የዋሊሰለኑን ባቡር ተሳፈረች።

ስብሰባው ከአንድ ደብር አዳራሽ በስተኋላ በተከራዩት ክፍል ነበር። ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ወይዘሮ የወይንሐረግ ደብዳቤውን አስቀድመው በማሽን ጽፈው፣ ሰባት ጊዜ «አራት ሺህ» ብለው፣ ለፊርማ አዘጋጅተውታል። ዮሐና ካርታዋን ግድግዳው ላይ አበራች፤ አቶ ከፈለ ቆመው ላይ ማርያም አሥራ አምስት ሺህ፣ ጨሌ ሥላሴ አንድ ሺህ እንዲደርሳቸው ክፍፍሉ እንዲለወጥ እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ክፍሉ ተናወጠ። ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ቢረሳው ነበር። ቢረሳው የጨሌ ሥላሴ ተወላጅ ነው፤ እዚያው ዋሊሰለን ገበያ ማዕከል መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሲናገር ቀጥ ብሎ ነው።

«ጋሽ ከፈለ፣ እናከብርዎታለን። ግን ባቡር ላይ ያገኙትን ልጅ ይዘው መጥተው የሰባት አጥቢያ ስምምነት ሊያፈርሱ ነው? ይቺ ልጅ ወይራ አምባን አይታ ታውቃለች? ኮምፒውተሩስ? ለላይ ማርያም አሥራ አምስት ሺህ፣ ለኛ አንድ ሺህ! ወፍጮውን ረሱት?»

«ወፍጮውን ካንተ በፊት ነው ያየሁት፣ ቢረሳው። ልጅቷ ትናገር።»

ዮሐና ተነሣች።

«ወይራ አምባን አይቼ አላውቅም…»

«አይሰማም!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«አይቼ አላውቅም!» አለች፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ግድግዳው ደረሰ። «ስለዚህ የማላውቀውን አልነግራችሁም። የማውቀው ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ ነው። ከፍታውን ሳተላይት ለክቶታል፤ የቀረውን ጋሽ ከፈለ ነግረውኛል። ተሳስተው ከሆነ አርሙኝ፤ አሁኑኑ እናስላው። አቶ ቢረሳው፣ ወደ ጨሌ ሥላሴ ጎርፉ በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

ቢረሳው ይህን ጥያቄ አልጠበቀም። «ከላይ ነዋ። ከዝንጀሮ ገደል።»

«ባለፈው ክረምት ምን ወሰደ?»

«የአጎቴን ማሳ ግማሹን» አለ፤ ከዚያ ቆም አለ። «ከነጤፉ።»

«አራት ሺህ ችግኝ በአጎትዎ ማሳ ዙሪያ ቢተከል ጎርፉን ይመልሰዋል?»

ቢረሳው ወደ ግድግዳው ካርታ ሄዶ በቅርብ አየው፤ ጎርፉ የሚወርድበትን መስመር በጣቱ እየተከተለ ወረደ።

«እሺ፤ ያንተስ?» አለ ሳይዞር። «ለታች ጊዮርጊስ ስንት ያዝክ፣ ጋሼ?» ከንዴቱ ብዛት አንቱታውን ረስቶታል።

«ዜሮ» አሉ አቶ ከፈለ።

«ምን?»

«ዜሮ አልኩህ። አንድ ሺህ ነበረን፣ ገደሉ ላይ ጨመርነው። እህቴ ውሃ ትጠጣለች እንጂ ዛፍ አትጠጣም።»

ወይዘሮ የወይንሐረግ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ቢረሳው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም፤ መልሶ ወደ ዮሐና ዞረ።

«ስሌቱ ቢሳሳትስ?»

«ሊሳሳት ይችላል። ስሌት ዝናብ አያዘንብም። ምንጩም በአንድ ክረምት ተመልሶ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም፤ ዓመታት ይፈጃል። ግን ከተከላ በኋላ የጸደቀውን በየቦታው ቆጥራችሁ ከላካችሁልኝ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ በዚያ አስተካክላለሁ። የባለፈውን ስህተት ማረም ያልቻላችሁት ማንም ስላልቆጠረው ነው።»

«ጥበቃስ? ላይ ማርያሞች ብቻቸውን አሥራ አምስት ሺህ ችግኝ ከፍየል ሊጠብቁ ነው? አይችሉም፤ እኔ ነኝ የምልሽ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ዮሐና፤ የጠየቀችውም ከልቧ ነው።

ቢረሳው አገጩን አሻሸ። «ውሃው የሁሉም ከሆነ ጥበቃውም የሁሉም ይሁን። ሰባቱም አጥቢያ በየሳምንቱ ተራ ይግባ። ችግኙ ማርያም ላይ ይቁም እንጂ የሥላሴ ሰው ከጠበቀው የሥላሴም ነው። እንዲያ ከሆነ ለቅሶም አንቀርም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይኼንንም ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቢው» አላት።

«ይኼ ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም» አለች። «ደብዳቤው ውስጥ ይገባል።»

ሳቅ ሆነ። አቶ ከፈለ እጅ አስወጡ። ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ አወጡ፤ ቢረሳው ከመጀመሪያዎቹ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ነገር የምናተርፈው ምንድን ነው? አባቶቻችን እኩል ማካፈልን ያስተማሩን ሰላምን ሲሹ ነው፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። መሬት፣ ውሃና ዛፍ ግን እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ እንደ ድግስ ምግብ በየሳሕኑ ቢቀነሱ ጥቅማቸው ይበተናል። ስንት አለን፣ ምን እንፈልጋለን፣ ምኑን አንነካም ብለን አስቀድመን ከጻፍንና ሒሳቡ እንዲመርጥልን ከፈቀድን በዚያው ችግኝ፣ በዚያው ጉልበት፣ በዚያው ክረምት ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ውሃና አፈር ማዳን እንችላለን። ሒሳቡ ሽማግሌውን አያሰናብትም፤ ጨፌውን የሚያውቅ፣ የወፍጮውን ጠብ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ከብት የሚፈጅ ዕቅድ ይወጣል። ሽማግሌውም ሒሳቡን ከገፋ ያማረ ፎቶ ይተርፈዋል። የሁለቱ መገናኘት ነው የሚጠቅመው፤ ይህም ለወይራ አምባ ብቻ ሳይሆን ተራራና ጎርፍ ላለው አገር ሁሉ ነው።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጽፈው እሑድ ጠዋት ላኩት። ጉድጓዱና እርከኑ በግንቦት ተቆፈረ፤ ሃያ ስምንት ሺሁ ችግኝ በሐምሌ በዕቅዱ መሠረት ተተከለ፤ ሰባቱ አጥቢያዎች በየሳምንቱ ተራ ገብተው ጠበቁት። በታኅሣሥ ሲቆጠር ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶው ቆሞ ተገኘ። እናት ውሃ ከባለፈው ዓመት አምስት ሳምንት ዘግይቶ በየካቲት ደረቀ። በመጋቢት ማኅበሩ የሁለተኛውን ዓመት ተከላ ለማቀድ ዋሊሰለን ሲሰበሰብ የየአጥቢያውን ቆጠራ ጽፎ ያመጣው ቢረሳው ነበር፤ ዮሐናም ስሌቱን በዚያ ቁጥር አስተካክላ ሠራችው።